ትዝታውን ማን ይሸከም?

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ በጥይት የተመቱት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ሠራዊታቸው የደርቡሾችን ቅጥር ጥሶ ገብቶ፣ ድሉን ሊጨብጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የንጉሡ መቁሰል ሲሰማ ግን ያ ያሸነፈ ጦር ተፈታ። በማግስቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ ኋላ የተመለሰውን ወገን ደርቡሾች ተከታትለው አትባራ ወንዝ ዳር ደረሱበት፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ገባ። ይህን እኛ አገር ትምህርት ቤት የዘለቀ ሁሉ ያውቀዋል። የድንበሯ ከተማም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀን የተረፈው ሰው ነው። ከወሎ ወይም ከትግራይ ዘማቹን ተከትሎ ቆላ የወረደ፣ ጓደኛው ከጎኑ ሲወድቅ ያየ፣ በዚያ ሐሩር ውኃ ፍለጋ ሲንከራተት ቆይቶ እንደ ምንም አገሩ የገባና እንደገና ሞፈር የጨበጠ አንድ ገበሬ። ሌሊት ምን ያይ ነበር? ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ይበረግግ ነበር? ሚስቱስ ለጎረቤቷ "ከመተማ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነብኝ" ብላ ይሆን? የዜና መዋዕል ጸሐፊ ለዚህ የሚሆን ብራና አልነበረውም። ንጉሡን ከተማ ያስታውሳቸዋል፣ መጽሐፍ ያስታውሳቸዋል። ገበሬው ግን ያየውን ብቻውን ሲያስታውስ ኖሮ ብቻውን ይዞት ሞተ። ልጽፍ የተነሣሁት በዓይን እንቅስቃሴ ስለሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ ሕክምናውን ባሰብኩ ቁጥር ግን የሚመጣብኝ ይህ የሸክም አከፋፈል ነው።

ቆላው ከዚያ ወዲህም ዕረፍት አላገኘም። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. እንግሊዞችና ጣሊያኖች በዚያው በመተማና ከድንበሩ ማዶ ባለችው ጋላባት መካከል ተታኩሰውበታል። በደኅናው ጊዜ ግን ምዕራብ ጎንደር የሰሊጥ አገር ነው። መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆ በየዓመቱ ከደጋው የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ይጠብቃሉ፤ በክረምቱ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ። ሰሊጥ ደግሞ ዛሬ ነገ አይባልበትም። በጊዜው ካልታጨደ ቅርፊቱ በፀሐይ ይከፈትና ፍሬው እዚያው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ይጣደፋል፤ ሠራተኛው ማጭዱን ይዞ እንዳጎነበሰ ይውላል፤ ነዶው ተደጋግፎ ይቆማል፣ ሂላ ይሉታል፣ እስኪደርቅ ድረስ። ማታ ከሸራና ከሣር በተቀለሰ ዳስ ውስጥ ይታደራል። ወባ አለ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛርም አለ። እነዚህ ሁለቱ ትኩሳት አላቸው፤ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይከሳል፣ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ሦስተኛው ሕመም ትኩሳት ስለሌለው በጤና ጣቢያው ሰልፍ ላይ አይታይም።

ሦስተኛው ሕመም በብዙ በር ይገባል። በ2011 ዓ.ም. በአማራና በቅማንት ስም የተነሣው ግጭት በመተማና በጭልጋ ወገን ቤት አቃጥሏል፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ለያይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ መተማ የሽሽት በር ሆነች፤ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ካርቱም ሻይ ስትሸጥ የኖረችው ኢትዮጵያዊት፣ ሁሉም ሻንጣውንና ልጁን ይዞ በዚያ ኬላ ገባ። ገና ሳይረጋጉ በዚያው ክረምት የአማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ገባ። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የሰፈሩት ስደተኞች ዝርፊያው፣ ጥቃቱና እገታው በረታባቸው፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ብዙዎች ከአውላላ ወጥተው ለወራት መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ተቀመጡ። ለመሸሸጊያ የተሰጣቸውን ቦታ ሸሹት ማለት ነው። ከጎንደር በአይከል አድርጎ ገንዳ ውኃ በሚያደርሰው መንገድ የሚመላለስ ሹፌር "ደረስኩ" ብሎ እስኪደውል ቤተሰቡ እህል አይወርድለትም። ከዚህ ሁሉ በፊትም በዚህ በር ወደ ሱዳን፣ ከዚያ ወደ ሊቢያ የወጡ ልጆች ነበሩ። የሕገ ወጥ ዝውውር ሰለባ ሆነው የተመለሱ ኢትዮጵያውያንን ያጠኑ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሦስት ተመላሽ አንዱ የሚሆነው ሐኪሞች ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. የሚሉት የዚህ የሦስተኛው ሕመም ምልክት እንዳለበት አግኝተዋል፤ ድብርትና ጭንቀት የታየባቸው ደግሞ ከግማሽ በላይ ናቸው።

በዚህ ሕመም ያለፈው ነገር እንደ ሌላው ትዝታ ተፈልጎ አይመጣም። ሳይጠሩት ይመጣል። ዓይን ሲከደን ፊት ላይ ድቅን ይላል፤ የሞተር ሳይክል ድምፅ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ፣ በሩቅ የሚጠራ ያልታወቀ ሰው ድምፅ ይቀሰቅሰዋል። ሰውየው እንዳይመጣበት ከገበያ ይቀራል፣ ከለቅሶ ይቀራል፣ እንቅልፍንም ይሸሻል። እቤት ያሉት "ምን ነካው?" ይላሉ። ምን እንደ ነካው እሱም አያውቅም፤ የሚያውቀው ነገሩ እንዳላለቀ ብቻ ነው።

ለዚህ ሕመም ዓይንን መንገድ ያደረገችው ፍራንሲን ሻፒሮ የተባለች አሜሪካዊት ናት። አነሣሷ ከሕክምና አልነበረም። ኒውዮርክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬቷን በማጠናቀቅ ላይ ሳለች ካንሰር ተገኘባት፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊቷን ወደ ሥነ ልቦና ያዞረችው። በ1987 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ መናፈሻ ስትራመድ የሚያስጨንቋት ሐሳቦች ድንገት ቀለል ሲሏት ተሰማት፤ ልብ ብትል ዓይኖቿ ከጎን ወደ ጎን በፍጥነት ይመላለሱ ነበር። (ታሪኩ ትንሽ ያጌጠ ይመስለኛል፤ የግኝት ታሪኮች ሁሉ ሲደጋገሙ ያምራሉ።) በ1989 እ.ኤ.አ. በ22 ሰዎች ላይ ያደረገችውን ጥናት አሳተመች። ዘዴው እየተብራራ ሄዶ ስምንት ምዕራፍ ያለው ሕክምና ሆነ፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩም ኢ.ኤም.ዲ.አር. ተባለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ለፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ከሚመክራቸው ሕክምናዎች ተርታ አሰለፈው። ሻፒሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ዐረፈች።

አሠራሩን ለማየት ያህል ገንዳ ውኃ ውስጥ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል አለ እንበል። ሥልጠናውን የወሰደች ባለሙያ ወንበሯን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ከአንድ ጎልማሳ ገበሬ ፊት ተቀምጣለች። ታግተው፣ ዘመድ አዝማድ ከፍሎ የተለቀቁ ሰው ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይን የሚከተለው ጣት አይነሣም። ስለ ጤናቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው፣ አሁን ስለሚያሰጋቸው ነገር ትጠይቃለች፤ ሐሳባቸው ሲናወጥ ተመልሰው የሚያርፉበት አንድ ቦታ በአእምሯቸው እንዲመርጡ ታደርጋለች። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያለውን ዋርካ መረጡ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው።

"አባቴ፣ ከሁሉ የሚከፋውን አንዱን ምስል ይያዙ። ለእኔ መንገር ግድ አይደለም።"

"ይዣለሁ።"

"ከዜሮ እስከ ዐሥር ቢመዝኑት ስንት ነው የሚያስጨንቅዎት?"

"ዘጠኝ።"

"ሰውነትዎ ላይ የት ይሰማዎታል?"

እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ ያደርጋሉ። እሷ ሁለት ጣቶቿን አንሥታ በፊታቸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ታመላልሳለች፤ እሳቸው አንገታቸውን ሳያዞሩ በዓይናቸው ብቻ ይከተላሉ። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። ከዚያ ታቆማለች።

"ይተንፍሱ። አሁን ምን መጣ?"

"ኮንጎ ጫማዬ። አንዱ እግር ጭቃው ውስጥ ቀርቷል።"

"እሱን ይዘው ይቀጥሉ።" ጣቶቹ እንደገና ይሄዳሉ።

"አሁንስ?"

"ከእነሱ አንዱ ልጅ ነው። ገና ጢም አላወጣም። ውኃ ሰጥቶኝ ነበር።" ዝም ይላሉ። "ይህን ረስቼው ነበር።"

ባለሙያዋ የልጁን ውኃ አልተረጎመችላቸውም፤ ይቅር በሉ አላለቻቸውም፤ እንዲጠሉትም አልነገረቻቸውም። ጣቷን ብቻ አነሣች። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ዘጠኙ ወደ አራት ቢወርድ ለቀጣዩ ቀጠሮ ሥራ ተርፏል ማለት ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ምስሉ የጠመንጃ አፈሙዝ ብቻ ነበር፤ ከአፈሙዙ በፊትም በኋላም ምንም አልነበረበትም። አሁን ጭቃ አለበት፣ የቀረ ጫማ አለበት፣ ውኃ አለበት፤ ቀስ በቀስም የተለቀቁበት ሌሊትና ቤታቸው የደረሱበት ጧት ይገባበታል። "ከዚያስ?" የሚል ጥያቄ መቀበል ጀመረ። አንድ ነገር አለፈ የሚባለው ከዚያ ወዲህ የሆነ ሌላ ነገር ሲኖረው ነው።

ብዙ ሳይናገሩ መታከም መቻል በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በሊቢያ መንገድ የተደፈረች ልጅ የደረሰባትን በዝርዝር ብትናገር ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቀዬዋ ይገባል ብላ ትፈራለች፤ ፍርሃቷም መሠረት አለው። ንግግር ብቻ ነው መድኃኒቱ የሚል ሐኪም ይህችን ልጅ በር ላይ ያጣታል። "ሆድ ይፍጀው" እያለ ያደገ ሕዝብ ዝምታው ሁሉ በሽታ አይደለም፤ አንዳንዱ ገበናን መጠበቂያ ነው። በዚህ ሕክምና ውስጥ ሰው ገበናውን ይዞ መዳን ይችላል።

ዓይኑ ለምን ይሠራል? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም። አንደኛው ወገን እንቅልፍን ያነሣል፤ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ዓይናችን ከቆቡ ሥር ይመላለሳልና ሕክምናው ያንን የሌሊት ሥራ በቀን ያሠራል ይላል። ሌላው ወገን፣ ከእነሱ መካከል በሆላንድ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ነገሩን በአእምሮ የመያዝ አቅም ማነስ ያስረዳል። አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ አስጨናቂውን ምስል ይዞ የሚሄድ ጣትም እንዲከተል ሲታዘዝ ለሁለቱም አይበቃም፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ደብዝዞም ተመልሶ ይቀመጣል። ይህ እውነት ከሆነ ዓይን የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ከሺህ እየቀነሱ ወደ ኋላ መቁጠርም ምስሉን ያዳክመዋል ማለት ነው፤ በሙከራም እንደዚያ ታይቷል። ከሃያስያኑ መካከል በሕክምናው ውስጥ የሚፈውሰው ክፍል የቆየው ነው፣ ማለትም አስፈሪውን ትዝታ በደኅና ቦታ ሆኖ መጋፈጥ፤ አዲሱ ክፍል ጌጥ ነው ያሉም አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጥናቶች ድምር ግን የዓይኑ እንቅስቃሴ የራሱ የሆነ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። እኔ ከክርክሩ የምወስደው ትንሽ ነገር ነው፤ ይሠራል፣ ተአምር አይደለም፣ ለምን እንደሚሠራ ገና ይጠናል። ስለ ብዙ መድኃኒቶች ከዚህ የበለጠ ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ቶሎ ልበል። ይህን ሲሰማ "እኛ ዘንድ ድሮም ነበረ" ለማለት የሚቸኩል ሰው አይጠፋም፤ ደረት እየመቱ ሙሾ ማውረዱ፣ ሽብሸባው፣ ከግራ ቀኝ የሚወዛወዘው ሁሉ ሊጠራ ነው። ለቅሶ ቤት ሰው ብቻውን እንዳያዝን የተሠራ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠበልም ለብዙ ሺህ ሕመምተኛ የመጀመሪያው ደጅ ነው። እነዚህ በራሳቸው ክብር ይቁሙ። የአሜሪካዊቷ ሕክምና ቀድሞ የተገኘባቸው አስመስሎ ማቅረብ ለእነሱም ለእሷም አይበጅም።

ስለ ጊዜ ካሰቡት ሁሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግሜ የምመለስበት የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ነው። ያለፈው አሁን የለም፣ የሚመጣውም ገና የለም ብሎ፣ ያለፈ ነገር የሚኖረው አሁን ባለ ትዝታ ውስጥ ነው አለ። ታጋቹ ገበሬ ግን ይህን ትምህርት ያናጋዋል። በእሱ ውስጥ ያለው ነገር ትዝታ ቢባል አለፈ የሚል ምልክት የለበትም፤ አሁን ነው እንዳይባል ከሆነ ቆይቷል። ቀን መቁጠሪያው ወር ይቆጥራል፣ ጉሮሮው ግን አይቆጥርም። ፈላስፋው ትዝታን የሰፋ አዳራሽ አድርጎ ሲያየው ሰውየው ራሱ መግባትና መውጣት ይችላል ብሎ ነው፤ እዚህ ግን ገቢ ወጪው ትዝታው ነው። ስለዚህ የሕክምናው ዓላማ ማስረሳት አይደለም። የሚመልሰው ሥልጣን ነው፤ ሰው ያለፈውን ሲፈልግ ጠርቶ ሲበቃው ያሰናብተው ዘንድ።

እዚህ ላይ መተማ የራሷን ጥያቄ ታነሣለች። ሕክምናው "ያ ነገር አልፏል፣ አሁን ደኅና ነህ" የሚል መሠረት ይፈልጋል። ነገ በዚያው መንገድ የሚመለስን ሰው እንዴት ደኅና ነህ ትለዋለህ? በሞተር ድምፅ የሚበረግግ ሹፌር ታሟል ወይስ ያውቃል? ይህን ጥያቄ አቅልሎ የሚያልፍ ባለሙያ ቆላውን አላየም ማለት ነው። የኔ ፍርድ ይህ ነው። የሚለይ ፍርሃት እውቀት ነው፤ የማይለይ ፍርሃት ቁስል ነው። በጭልጋ መታጠፊያ ላይ መስኮት ዘግቶ ዙሪያውን የሚቃኝ ሹፌር አእምሮው በደንብ እየሠራ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ልጁ በር ሲያንኳኳ አልጋ ሥር የሚገባ ከሆነ ግን መለያው ተበላሽቷል። ሕክምናው መጠበቂያውን ሳይነካ መለያውን ቢጠግን በቂ ነው።

ሰላም እስኪመጣ ይጠበቅ የሚለውም መልስ አያሳምነኝም። በቱርክና በሶርያ ድንበር ላይ፣ ኪሊስ በተባለ መጠለያ፣ አገራቸው ገና እየነደደች ሳለ ሰባ የሚሆኑ ሶርያውያን ስደተኞች የተካተቱበት ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ሕክምናውን የወሰዱት ተራ ከሚጠብቁት በእጅጉ ተሽሏቸዋል። ቱርክ ያለው መጠለያ ግን ቢያንስ አጥር ነበረው፣ ሌሊት የሚገባበት ታጣቂ አልነበረም። አውላላ ላይ የሆነው ሌላ ነው፤ ለዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥበቃ እንጂ ጣት አይደለም። በሜክሲኮ አካፑልኮ በ1997 እ.ኤ.አ. ከወረደው አውሎ ነፋስ በኋላ ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ለመርዳት የተዘጋጀች አንዲት ቀላል ዘዴም አለች፤ እጅን ደረት ላይ አመሳቅሎ ግራና ቀኝ ትከሻን በየተራ መታ መታ ማድረግ ናት። ጥሩ ናት። ግን በሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥታ፣ ፎቶ ተነሥቶባት፣ "ሥነ ልቦናዊ ድጋፍ ተደረገ" ተብሎ ሪፖርት የሚዘጋባት እንዳትሆን እሰጋለሁ። በዚህ አገር የአእምሮ ሐኪም ቁጥር ጥቂት ነው፣ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ የጎደለውን በትከሻ መምታት አንሞላውም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ወንድሙ ዓይኑ እያየ የተገደለበት ሰው "ይሻልህ" ሲባል የሚቆጣበት ጊዜ አለ። ሕመሙ ከወንድሙ ጋር የቀረው የመጨረሻ ገመድ ይመስለዋል፤ እንቅልፍ ከወሰደው የከዳው ይመስለዋል። ቂም አይደለም፤ ታማኝነት ነው። ይህን የማይገባው ሐኪም ሰውየው ሕክምናውን ለምን አቋረጠ ብሎ ይገረማል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይከተላል። ምስሉ ደበዘዘ ካልን፣ ምስክሩስ? በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ ፖሊሲው ክስንም እውነት ማፈላለግንም ይዟል። አንድ ቀን አንድ ጉባኤ ገንዳ ውኃ ላይ ተቀምጦ "ያየኸውን ተናገር" ቢል፣ የዳነው ሰው ያልዳነውን ያህል ይመሰክር ይሆን? ገበሬያችን በሕክምናው ጊዜ የረሱትን ልጅና ውኃ አስታወሱ እንጂ አልዘነጉም ብሎ መመለስ ይቻላል። ጠበቃ ግን ያንንም ይዞ "ያኔ ለምን አላልክም?" ይላል። ችግሩ እውነተኛ ነው።

ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ እንይ። ማስረጃ እንዳይጠፋ አንድ ሰው ሳይተኛ ይኑር እያለ ነው። ጉሮሮው የተዘጋ ገበሬ የመንግሥት መዝገብ ቤት እንዲሆን እየፈረደ ነው። በ1881 ዓ.ም. በዚያች ሜዳ ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ የንጉሡን ትዝታ አገር ተሸከመ፣ የገበሬውን ትዝታ ገበሬው። ሰው ያየውን ነገር ለመልቀቅ የሚደፍረው ሌላ የሚይዝለት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ክፍሉ ውስጥ ብቻ አይጀምርም። አንድ ሰው በእምነት ጽፎ፣ ቀኑንና ቦታውን አስፍሮ፣ የሟቹን ስም በትክክል ይዞ ቢያስቀምጥለት ወንድምየው መተኛት ይችላል። ያኔ መዳን ክህደት አይሆንበትም፤ ምስክርነቱም በደም ሥሩ ላይ አይንጠለጠልም።

እኛ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ተፈናቃዩ ታሪኩን ለመዝጋቢ ይናገራል፣ ለረድኤት ድርጅት ይናገራል፣ ለፖሊስ ይናገራል፣ መቅረጫ ይዞ ለመጣ ጋዜጠኛ ይናገራል። እያንዳንዱ ከመጀመሪያ ያስጀምረዋል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያይም። ቁስሉን ደጋግሞ ይከፍታል፣ የሚዘጋለት የለም። ጸሐፊዎችም ከዚህ ነጻ አይደለንም፤ የሰው እንባ ለአንድ ገጽ ይበቃናል፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን አናነሣም።

ስለዚህ ቆላ ለምትወርዱ ሁሉ፣ ለሕግ ባለሙያው፣ ለጤና ባለሙያው፣ ለዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ፣ ለዕድሩ ጸሐፊ፣ ለቤተ ክርስቲያኑና ለመስጊዱ ሹማምንት አንድ ልመና አለኝ። የተጎዳውን ሰው ፈቃድ ጠይቃችሁ አንድ ጊዜ በደንብ ጻፉለት፤ ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ማን ምን እንዳደረገ። አንዱን ቅጂ ለራሱ ስጡት፣ ሌላውን እሳትና ታጣቂ በማይደርስበት ቦታ አኑሩት። ሁለተኛ የሚመጣው ጠያቂ መጀመሪያ ያንን ወረቀት ያንብብ። ጽፋችሁ ስታበቁም እስከ ጎንደር ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን የመኪና ገንዘብ በእጁ አድርጉለት።